የሂሊየም ሒሳብ

ባንክ ቤት ውስጥ የቀኑ ማብቂያ የሚታወቀው በሰዓት ሳይሆን በሒሳብ ነው። በሩ ለደንበኛ ከተዘጋ በኋላ እያንዳንዳችን በየመስኮታችን ተቀምጠን ስንከፍልና ስንቀበል የዋልነውን ገንዘብ እንቆጥራለን። በእጃችን ያለው ከመዝገቡ ጋር ከተስማማ «ገጠመ» እንላለን፤ ቦርሳችንን አንሥተን እንወጣለን። ካልገጠመ ማንም ንቅንቅ አይልም። አንድ ምሽት በአሥር ብር ጉድለት እስከ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ድካሙ ቢበዛብኝ «ከኪሴ ልሙላውና እንሂድ» ብዬ ነበር። ኃላፊያችን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ገንዘቡን መሙላት ትችላለህ፤ ስሕተቱን ግን የት እንዳለ ሳታውቀው ታድራለህ» አሉኝ።

በዚህ ሙያ አሥራ ሁለት ዓመት ስኖር አንድ እምነት ከደሜ ጋር ተዋሕዷል፤ ማናቸውም ሒሳብ በትዕግሥት ከተፈለገ ይገጥማል የሚል እምነት። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ስለማይገጥም ሒሳብ ለመጻፍ ነው። ሒሳቡ የተፈጥሮ ነው፤ ነገር ግን የእኔና የወንድሜም ሆኖ አገኘሁት።

ወንድም ጋሼ ስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አራት ኪሎ ፊዚክስ ተምሮ በ1997 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ዛሬም የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። እኔ ከእናታችን ጋር ቀረሁ። እርሱ በየወሩ ገንዘብ ይልካል፤ እኔ ስኳርና ደም ግፊት ያደከሟትን እናቴን ሐኪም ቤት አመላልሳለሁ፣ መድኃኒቷን እቆጥራለሁ፣ በኋላም አነሣታለሁ፣ አስተኛታለሁ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አረፈች። ጊዜው የወረርሽኝ ነበርና ወንድም ጋሼ ሊመጣ አልቻለም፤ በቀብሯ ላይም ከጥቂት ዘመድና ጎረቤት በቀር ሰው አልነበረም።

አርባዋን እንዳወጣን ስለ ቤቱ በስልክ መነጋገር ጀመርን። ንግግራችን ግን ከቤቱ አልደረሰም። እርሱ «አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ማን ከፈለ?» አለኝ። እኔም «አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ማን አስታመመ?» አልሁት። ስልኩን ማን እንደዘጋው አላስታውስም፤ ሁለታችንም እኩል የዘጋነው ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት፣ ለበዓል እንኳ «እንኳን አደረሰህ» ሳንባባል አለፈ።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረና የእናቴን ሣጥን ከጓዳ ሳወጣ፣ ከሥሩ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ስፈታው የወንድም ጋሼ የዩኒቨርሲቲ ደብተር ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ደብተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቅ፣ የልጇ እጅ ስላረፈበት ብቻ ከቀሚሶቿ ሥር አኑራዋለች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከትምህርቱ ርእስ በታች በአማርኛ «በትክክል የሚፈቱ ጥያቄዎች» የሚል ተጽፏል።

የእኔ ዲግሪ በአካውንቲንግ ነው፤ ሒሳብ የማውቀው እስከ ፍሬሽማን ካልኩለስ ድረስ ነው። ቢሆንም ደብተሩን መልሼ ልጠቀልለው አልቻልሁም። ከአንድ ወዳጄ የኳንተም ሜካኒክስ መማሪያ ተውሼ፣ ዝናቡ በባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል፣ የወንድሜን የእጅ ጽሑፍ እየተከተልሁ ማንበብ ጀመርሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ግድግዳዎችና በመካከላቸው የታሰረች አንዲት ቅንጣት ናት። ክራር የደረደረ ሰው ነገሩን በጣቱ ያውቀዋል። ክሩ ከሁለት ጫፍ ታስሯልና እንደ ልቡ አይወዛወዝም፤ በርዝመቱ ውስጥ የሚያስገባው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሙሉ የሞገድ ግማሾችን ብቻ ነው። በኳንተም ዓለም ቅንጣትም የሞገድ ጠባይ ስላላት የታሰረች እንደ ሆነ በዚሁ ሕግ ትገዛለች። ኢነርጂዋ የመጀመሪያው ደረጃ አንድ ቢባል ቀጥሎ 4፣ ከዚያም 9፣ ከዚያም 16 እያለ ይወጣል፤ በመካከል ማረፊያ የለውም። እኔን ያስደነቀኝ ደግሞ ዜሮ የሚባል ደረጃ አለመኖሩ ነው። የታሰረ ነገር ፈጽሞ አያርፍም።

ሁለተኛው የዥዋዥዌ ጥያቄ ነው፤ ፊዚክሰኞች ሃርሞኒክ ኦስሌተር ይሉታል። ከመካከል በራቀ መጠን ወደ መካከል የሚመልሰው ኃይልም በዚያው መጠን የሚበረታ ነገር ሁሉ በዚህ ይመደባል። በትንሹ የተገፋ ዥዋዥዌ፣ ብረት ሞላ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት፣ በሞሎኪውል ውስጥ የሚርገበገቡ አቶሞች፣ ሁሉም በቅርብ ሲታዩ አንድ ጠባይ አላቸው። የዚህ ኢነርጂ እንደ መሰላል ነው፤ በእርከኖቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ እኩል ነው። እንግሊዛዊው ፖል ዲራክ ይህን መሰላል ከባዱን እኩልዮሽ ሳይነካ የሚወጣበትን መንገድ አሳየ። አንዱ ስሌት አንድ እርከን ከፍ ያደርጋል፤ ሌላው አንድ እርከን ዝቅ ያደርጋል፤ ከመጨረሻው እርከን በታች ለመውረድ የሞከረ ግን ባዶ ይታቀፋል። የመጨረሻው እርከንም ቢሆን መሬት ላይ አልተቀመጠም፤ ከመሬት ግማሽ እርምጃ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ሦስተኛው ሃይድሮጅን ነው፤ አንድ ፕሮቶን አስኳል ሆኖ፣ አንዲት ኤሌክትሮን በዙሪያው። እዚህ ጋ ወንድም ጋሼ በኅዳጉ ላይ «ባልመር» ብሎ ጽፎ አስምሮበታል። ዮሐን ባልመር በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነበር፤ ፊዚክሰኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1885፣ በ60 ዓመቱ፣ ሌሎች የለኳቸውን አራት የሃይድሮጅን የብርሃን ቀለማት ቁጥር ይዞ የሚያስተሳስራቸውን ቀመር ፈልጎ አገኘ። የሞገዶቹን ርዝመት ለማግኘት 364.56 ናኖሜትርን በ9/5፣ በ4/3፣ በ25/21 እና በ9/8 ማባዛት ብቻ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ የሰው ብር በምደምርባት ካልኩሌተር እኔው አባዛሁት። 656.2፣ 486.1፣ 434.0፣ 410.1። መጽሐፉን ገልጬ በመሣሪያ ከተለካው ጋር አስተያየሁት፤ ልዩነቱ ከናኖሜትር አንድ አሥረኛ አይደርስም። መስኮቴ ላይ ተቀምጬ ለብቻዬ «ገጠመ!» አልሁ። አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ የጠፋ ገንዘብ ያገኘሁ መስሏት «እልል በል» አለችኝ።

ባልመር ቀመሩን እንጂ ምክንያቱን አላወቀም። ሙሉ ምክንያቱ እስኪገኝ አርባ ዓመት ያህል ፈጀ። በጥር 1926 እ.ኤ.አ. ቮልፍጋንግ ፓውሊ በሃይዘንበርግ ማትሪክስ፣ ኤርቪን ሽሮዲንገር ደግሞ በራሱ የሞገድ እኩልዮሽ፣ በየፊናቸው ሃይድሮጅንን ፈቱት። ሁለቱም የደረሱበት አንድ ነው፤ ኤሌክትሮኗ የታሰረችበት ኢነርጂ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ለደረጃው ቁጥር ካሬ ሲካፈል ነው። ሽሮዲንገር በዚያ ጽሑፉ ውስጥ እኩልዮሹን በመፍታት የረዳውን የሒሳብ ሊቅ ሄርማን ቫይልን ማመስገኑ ልቤን ነካው። ለካ ታላላቆችም «ይህን ወንዝ አሻግረኝ» ብለው ጓደኛ ይጠራሉ።

ታዲያ ደብተሩን እየገለጥሁ ስሄድ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ገደብ የለሽ መስለውኝ ነበር። እንዲያ አይደለም። በትክክል፣ ምንም ሳይቀር በተጻፈ ቀመር የሚፈቱት ጥቂት ናቸው። እነርሱም የሚፈቱት የተለየ መልክ ስላላቸው ነው፤ ትልቁ እኩልዮሽ ወደ ትንንሽ እኩልዮሾች ሊለያይ ይችላል፤ እያንዳንዱ ትንሽ እኩልዮሽም ስለ ሌላው ሳያስብ የራሱን ሒሳብ ይዘጋል። ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1929 ይህንኑ አስገንዝቧል፤ ለኬሚስትሪ ሁሉ የሚያስፈልጉት ሕጎች ታውቀዋል፤ ችግሩ ሕጎቹ የሚያመጡት እኩልዮሽ ለመፍታት እጅግ የተወሳሰበ መሆኑ ነው የሚል ሐሳብ ጽፏል።

ውስብስቡ ለመጀመር ደግሞ ብዙ አይጠብቅም። ከሃይድሮጅን ቀጥሎ ያለው ሂሊየም ይበቃዋል።

ሂሊየም አንድ አስኳልና ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉት። አስኳሉ ሁለቱንም ይስባል። ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። የአንደኛዋ ቦታ ሳይታወቅ በሌላዋ ላይ ያለው ግፊት አይታወቅም፤ የሌላዋም እንዲሁ። እኩልዮሹ አልለያይም ይላል። የሂሊየምን ኢነርጂ ሙሉ በሙሉ የሚናገር፣ እንደ ሃይድሮጅን ባለች አጭር ቀመር የሚጻፍ መፍትሔ እስከ ዛሬ የለም። ኮምፒውተሮች ከነጥብ በኋላ በብዙ ደርዘን አኃዝ ያሰሉታል፤ ያም ቢሆን እየተጠጉ መሄድ ነው።

ወንድም ጋሼ ይህን ሒሳብ ከደብተሩ መጨረሻ ገጾች ላይ ጀምሮታል። እኔም እንደ ባንክ ሠራተኛ አነበብሁት። ሁለቱን ኤሌክትሮኖች ከሂሊየም ለመንጠቅ የሚያስፈልገው፣ በመሣሪያ የተለካው ኢነርጂ 79.0 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ይህ በእጅ የተቆጠረ ጥሬ ገንዘብ ነው እንበል፤ መዝገቡ ወደዚህ መድረስ አለበት። በመጀመሪያ ወንድም ጋሼ ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ፈጽሞ እንደማይተዋወቁ አድርጎ አሰበ። ያን ጊዜ እያንዳንዷ ለብቻዋ ከአስኳሉ ጋር ትቀራለች፤ ይህም የሚፈታ ጥያቄ ነው። መልሱ 108.8 ሆነ። በ29.8 ተዛነፈ፤ የትኛውም ኃላፊ የማይፈርምበት ልዩነት ነው።

ቀጥሎ መገፋፋታቸውን እንደ ማረሚያ ጨመረው። ፊዚክሰኞች ከሚፈታው ጥያቄ ተነሥተው፣ የማይፈታውን ጥቂት በጥቂት የሚያርሙበት ዘዴ አላቸው። ማረሚያው 34.0 ሆነ፤ ከ108.8 ሲቀነስ 74.8። አሁን ጉድለቱ 4.2 ብቻ ነው። ከዚህ በታች «27/16» የሚል ቁጥር ጽፎ ሁለት ጊዜ ከብቦታል። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። ፈተና ደርሶበት ይሁን፣ ሰልችቶት ይሁን፣ አላውቅም።

27/16 ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዷ ኤሌክትሮን አስኳሉን የምታየው በከፊል በሌላዋ በኩል ነው፤ አንዷ ሌላዋን ትከልላለች። ስለዚህ የአስኳሉ ሙሉ ጉልበት፣ ማለትም 2፣ አይደርሳትም፤ ያነሰ ነገር ይደርሳታል። ምን ያህል እንደሚያንስ አስቀድመን አናውቅምና ቁጥሩን ክፍት ትተን ኢነርጂውን እናሰላለን፤ ከዚያም የተሻለውን ውጤት የሚሰጠውን ቁጥር እንመርጣለን። ይህ ዘዴ አንድ የሚያጽናና ጠባይ አለው። ግምታችን ምንም ቢሆን ከእውነቱ አልፎ አይሄድም፤ ጉድለት ሊያሳይ ይችላል፣ ትርፍ ግን ከቶ አያሳይም። ከረጅም ሥራ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ኳድራቲክ ይወርዳል፤ የምትመርጠውም ቁጥር 27/16፣ ማለት 1.69 ገደማ ነው። እርሱን በራሱ አባዝቼ በ27.2 አበዛሁት። 77.5።

በደብተሩ ባዶ ገጽ ላይ፣ ከወንድሜ ሰማያዊ ቀለም በታች፣ በጥቁር እስክሪብቶ ጻፍሁት። ከዚያም ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ገጹን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ላክሁለት። ሰላምታም ሌላም ቃል አልጨመርሁበትም።

መልሱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ወንድም ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈልኝ ቃል ይህ ነበር።

«1.5 ይጎድልሃል።»

«አውቃለሁ» አልሁት።

ቆየት ብሎ «ደብተሩን ከየት አገኘኸው?» አለኝ።

«እማዬ በነጠላ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ አኑራው ነበር።»

ሌላ መልስ አልመጣም። ተስፋ ቆርጬ ስልኩን ላስቀምጥ ስል ጠራ።

የተነጋገርነውን ሁሉ እዚህ አላሰፍረውም። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ወንድም ጋሼ «እማዬ እኮ ስደውልላት አንድ ቀን ስለ እኔ ጠይቃኝ አታውቅም። ወንድምህ ከሳ፣ ወንድምህ አልተኛም፣ ወንድምህ ምሳ ሳይበላ ዋለ… ወሬዋ ሁሉ አንተ ነበርህ» አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ምክንያቱም እኔ ዘንድ ወሬዋ ሁሉ እርሱ ነበር። ያመጣሁትን መድኃኒት እየዋጠች «ልጄ በዚያ ብርድ ምን ለብሶ ይሆን?» ትለኛለች። ገንዘቡ በደረሰ ቁጥር ደረሰኙን ትስመዋለች። እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ፣ አሥራ ሦስት ዓመት፣ እርሱን ብቻ የምትወድ ይመስለኝ ነበር። ለእርሱ ደግሞ እኔን ብቻ። የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆኖ የላከው ገንዘብ መሆኑን የሰማሁትም በዚያች ሌሊት ነው፤ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ደረሰኙን ትስም እንደ ነበር ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ወንድም ጋሼ ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ይሥቅብኛል፤ «ኤሌክትሮን ወንድም የለውም» ይለኛል። ልክ ነው። ኤሌክትሮን አይቀየምም፤ አርባም አያወጣም። እኔም ሰው በእኩልዮሽ ይፈታል አልልም። የምለው ሌላ ነው። ሁለታችንም የያዝነው ሒሳብ 108.8 ዓይነት ነበር። እያንዳንዳችን ለብቻው ከእናቱ ጋር፣ ሌላው እንደሌለ፣ በትክክል የሚገጥም መዝገብ ነበረን። የእኔ መዝገብ ለብቻው ሲታይ እንከን የለውም፤ የእርሱም እንዲሁ። ሲደመሩ ግን እውነቱን አይሰጡም። ስሕተቱ የነበረው ከመዝገቦቻችን ውስጥ አልነበረም፤ ባልጻፍነው ነገር ውስጥ ነበር።

በማግሥቱ ወንድም ጋሼ ስለ 1.5ቱ ጉድለት ጻፈልኝ። ኖርዌያዊው ኤጊል ሂሌራስ እ.ኤ.አ. በ1929 ጉድለቱን ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት አሥረኛ በታች ያወረደው፣ ከዚያ በፊት ከነበረው ግምት ላይ አንድ ነገር በግልጽ በመጨመሩ ነው። የጨመረው ነገር ሁለቱ ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው ያላቸውን ርቀት ነው። እያንዳንዷ ከአስኳሉ ምን ያህል እንደምትርቅ መጻፍ አልበቃም፤ አንዷ ከሌላዋ ምን ያህል እንደራቀች መጻፍ ነበረበት። ይህንን ከወንድሜ መልእክት ላይ ሳነብ ባንክ መስኮቴ ላይ ነበርሁ፤ ደንበኛዬን ትንሽ አስጠብቄአቸዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ቤቱ እስካሁን አልተስማማንም። እርሱ ይሸጥ ይላል፤ እኔ አይሸጥ እላለሁ። ባለፈው ሳምንትም ድምፃችን ከፍ ብሎ ነበር። ግን ስልኩን አልዘጋንም። «ጣሪያውን ላሳድስ ነው» ስለው «ግማሹን እኔ ልላክ» አለኝ፤ የቆርቆሮውን ዋጋ ሁለት ጊዜ እየደመርን ተከራከርን። ጉድለት አለ፤ ይታየኛል፤ ሁለታችንም ከኪሳችን ልንሞላው አልፈለግንም። ነገር ግን ስሕተቱ የት እንዳለ አውቄ አድራለሁ።

በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከ77.5 በታች፣ ይህችን ግጥም ጻፍሁ።

ያንተን ድርሻ ጽፌ፣ የኔን ድርሻ ጽፌ፣
ድምሩ ባይስማማ ስንቱን ሌሊት አልፌ፣
ለካ ከመዝገቡ የረሳሁት ነገር
ካንተ እስከኔ ድረስ ያለው ርቀት ነበር።
ዛሬ ጻፍሁት እሱን ከቁጥሮቹ በላይ፤
ና፣ ቢጎድልም እንኳ፣ ፊትህን አንዴ እንዳይ።